የሰው ልጅ አካል ጨረራን የሚቋቋም ሊሆን ይችላል?

ናሆም

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ሰሞኑን ስለ ቼርኖቤል የዱር እንስሳት ብዙ ሳነብ ሰነበትሁ። በአደጋው ቀጣና ውስጥ ያሉ የዛፍ እንቁራሪቶች ቆዳቸው ጠቁሯል፤ በፈነዳው የኒውክሌር ማብላያ ግድግዳ ላይ ጥቁር ፈንገስ በቅሎ ተገኝቷል፤ ተኩላዎቹም ካንሰርን የሚቋቋም ዘረመል ሳያወጡ አልቀሩም ይባላል። አደጋው የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። እንስሳት በአርባ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ከተለወጡ፣ የሰው ልጅስ ጊዜ ቢሰጠው ጨረራን የሚቋቋም አካል የማያወጣበት ምክንያት ምንድን ነው?

የኒውክሌር ጦርነት ስጋት በየዜናው በሚነሳበት በዚህ ዘመን ጥያቄው ከጉጉት አልፎብኛል። እኛ ባንደርስበት እንኳ የልጅ ልጆቻችን ይለምዱት ይሆን? የምታውቁትን አካፍሉኝ።

ፊዚክስ ወዳድ

ወንድሜ ናሆም፣ ወደ ዝግመተ ለውጡ ከመግባታችን በፊት ስለ ምን ዓይነት ጨረራና ስለ ምን ያህል መጠን እንደምንነጋገር እንወቅ። ብርሃንም ጨረራ ነው፤ የሬዲዮ ሞገድም ጨረራ ነው። እዚህ የሚያሳስበን ኤሌክትሮንን ከአቶም መንጥቆ የሚያወጣው፣ አዮን ፈጣሪ የሚባለው ነው፤ ጋማ፣ ኤክስሬይ፣ አልፋ፣ ቤታና ኒውትሮን ከዚህ ወገን ናቸው። አካል የተቀበለው መጠን በግሬይ ይለካል። አንድ ግሬይ ማለት በአንድ ኪሎ ግራም አካል ውስጥ የሚቀር አንድ ጁል ኃይል ነው።

መላ አካሉ በአንድ ጊዜ 4 ግሬይ ያህል የተቀበለ ሰው ሕክምና ካላገኘ የመሞትና የመትረፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ያ ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ግን የሰውነትን ሙቀት ከፍ የሚያደርገው በአንድ ሺህኛ ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ሰውየው ምንም ሳይሰማው ቆሞ ይሄዳል። የሚገድለው የኃይሉ ብዛት ሳይሆን ያረፈበት ቦታ ነው። አንድ ግሬይ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ከ35 እስከ 40 የሚደርሱ የዲኤንኤ ድርብ ስብራቶችን ያስከትላል፤ ሁለቱ ክሮች በአንድ አካባቢ አብረው ይበጠሳሉ ማለት ነው። አንዱ ክር ብቻ ሲበጠስ ሕዋሱ ሌላውን እያየ ይጠግነዋል። ሁለቱም ሲበጠሱ የሚያየው ነገር በቅርቡ ስለማይኖር የተሳሳቱ ጫፎች ይገጣጠማሉ፣ ቁራጭ ይጠፋል፣ ክሮሞዞም ይዛባል።

ስለዚህ የቆዳ መጥቆርም ሆነ መወፈር ጋማን አያቆመውም። ጋማ ሰውነትን ዘልቆ ያልፋል። «መቋቋም» የምንለው ነገር ካለ ያለው ከገባ በኋላ በሚደረገው ጥገና ላይ ነው።

ብሩክታዊት

ዘረመል አስተምራለሁ፤ ይህ ጥያቄ ከተማሪዎቼም በየጊዜው ይመጣል። ናሆም «ይለምዱት ይሆን?» ብለሃል። ዝግመተ ለውጥ መልመድ አይደለም። አንድ አካል ጨረራ ስለነካው ለልጆቹ የሚያወርሰው ጥንካሬ አያገኝም። የሚሆነው ሌላ ነው፦ በአንድ ሕዝብ ውስጥ በውርስ ትንሽ የተሻለ ጥገና ያላቸው ሰዎች ይኖራሉ እንበል። ጨረራው ሌሎቹን ዘር ሳይተኩ ካስቀራቸውና እነዚህ ብዙ ልጆች ካፈሩ፣ ያ ዘረመል ቀስ በቀስ ይበዛል። መንገዱ ይህ ብቻ ነው። መንገዱ የተነጠፈውም በሌሎቹ ሞትና መካንነት ላይ ነው።

አሁን ሦስት ነገሮችን አስቡ።

የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። ዝቅተኛና መካከለኛ መጠን ያለው ጨረራ በሰው ላይ የሚያደርሰው ዋናው ጉዳት ካንሰር ነው። ካንሰር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ በተረፉት ሰዎች ላይ የደም ካንሰር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጨምሮ ታየ፤ የጡት፣ የሳንባ፣ የሆድ ዕቃ ካንሰሮች ግን አሥርት ዓመታትን ቆይተው ነው የመጡት። በ65 ዓመቱ በካንሰር የሚሞት ሰው ልጆቹን ወልዶ አሳድጎ ጨርሷል። ሕመሙ ለቤተሰቡ ታላቅ ሐዘን ነው፤ የተፈጥሮ ምርጫ ግን አያየውም።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። አንድ ጠቃሚ ዘረመል ለባለቤቱ የአንድ በመቶ ብልጫ ይሰጣል እንበል፤ ይህ ለዝግመተ ለውጥ ጥሩ ብልጫ ነው። ከአሥር ሺህ አንድ ከሆነ ድርሻ ተነሥቶ ግማሽ ለመድረስ ወደ 900 ትውልድ ይፈጅበታል። አንዱን ትውልድ 25 ዓመት ብናደርገው ከ22,000 ዓመት በላይ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው፣ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ፣ የጨረራው የራሱ ዕድሜ ነው። በቼርኖቤል ምድር ላይ ለረዥም ጊዜ የቀረው ዋነኛ ብክለት ሲዚየም-137 ሲሆን ግማሽ ዕድሜው (ከአቶሞቹ ግማሹ እስኪፈርስ የሚፈጀው ጊዜ) 30 ዓመት ነው። ይህ ከአንድ የሰው ትውልድ ጋር ይቀራረባል። አሥራ ሁለት ትውልድ ሲያልፍ ሲዚየሙ ወደ አንድ ሺህኛው ወርዷል። ምርጫው ሥራውን ገና ሳይጀምር መራጩ ራሱ ከቦታው ይጠፋል።

ወደ እንቁራሪቶቹ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት ከ200 በላይ እንቁራሪቶችን አይቶ በቀጣናው ውስጥ ያሉት በእርግጥ የጠቆሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ጥቁረቱ የሚዛመደው ግን ዛሬ ካለው ጨረራ ጋር አይደለም፤ አደጋው በደረሰ ጊዜ ከነበረው ጋር ነው። አጥኚዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ቀድሞም ጠቆር ያሉት በመጀመሪያው ከባድ ጊዜ የተሻለ ተርፈው ዘራቸውን አብዝተዋል የሚል ነው። እንቁራሪት በሁለትና በሦስት ዓመት ትውልድ ይተካል፤ በአንድ ወቅትም በመቶዎች እንቁላል ይጥላል። አብዛኛው ቢያልቅም የተረፈው ኩሬውን ይሞላል። ሰው አንድ ልጅ ለመውለድ ዘጠኝ ወር፣ ለማሳደግም ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ተኩላዎቹን በተመለከተ የተነገረው ገና የመጀመሪያ ደረጃ ግኝት ስለሆነ ከዚያ ላይ ብዙ መገንባት አይገባም።

ናሆም

እህቴ ብሩክታዊት፣ ስላብራራሽው አመሰግናለሁ። የሲዚየሙ ነገር ፈጽሞ አስቤው የማላውቅ ነው። ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። የሰው ቆዳ ቀለም ራሱ ለፀሐይ ጨረር የተሰጠ የዝግመተ ለውጥ ምላሽ አይደለም እንዴ? ስለዚህ አንድ ጊዜ ተደርጓል ማለት ነው።

ብሩክታዊት

ትክክል ነው፤ ጥሩ ምሳሌ ነው። ነገር ግን ሁኔታዎቹን አስተያይ። አልትራቫዮሌት ከቆዳ ሽፋን ብዙም ስለማያልፍ ሜላኒን የሚባለው ቀለም በመንገዱ ላይ ሊይዘው ይችላል። ሁለተኛ፣ ፀሐይ ሳታቋርጥ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት በእያንዳንዱ ትውልድ ላይ ወጥታለች። ሦስተኛ፣ ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ምርጫውን ያፋጠነው የቆዳ ካንሰር ብቻ ሳይሆን አልትራቫዮሌት በደም ውስጥ ያለውን ፎሌት የሚባል ቫይታሚን ማጥፋቱ ነው። ፎሌት ሲጎድል ጽንሱ ይጎዳል። ጉዳቱ በመራባት ላይ በቀጥታ ስለሚያርፍ ምርጫው ያየዋል። ለጋማ ጨረር ከእነዚህ ሁኔታዎች አንዱም አይሟላም።

ተስፋ

በአክብሮት ልቃወም። ሁላችሁም የማይቻል አስመሰላችሁት፤ ተፈጥሮ ግን አድርጋዋለች። ዴይኖኮከስ ራዲዮዱራንስ የሚባለውን ባክቴሪያ እንዴት ረሳችሁት? እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ኦሪገን ውስጥ የታሸገ ሥጋን በጋማ ጨረር ለማምከን ሲሞከር ሥጋው ከዚያ ሁሉ በኋላ ተበላሸ። ውስጡ ይህ ባክቴሪያ ተገኘ። 5,000 ግሬይ ተቀብሎ ምንም እንዳልሆነ ይራባል፤ ሰውን ከሚገድለው ከሺህ እጥፍ በላይ ነው!

በቤተ ሙከራም ተደርጓል። ኢ. ኮላይ የሚባለውን የአንጀት ባክቴሪያ ደጋግመው በጨረራ እየመቱ፣ የተረፈውን እያራቡ፣ ከ20 ዙር በኋላ ከቀድሞው እጅግ የሚልቅ መቋቋም ያለው ዘር አግኝተዋል። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። 20 ዙር ብቻ!

ሰዎችንም እንይ። በኢራን ራምሳር በምትባል ከተማ ከፍል ውሃ በሚወጣ ራዲየም ምክንያት በአንዳንድ ቤቶች የዓመቱ መጠን እስከ 260 ሚሊሲቨርት ይደርሳል፤ የዓለም አማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ነው (ሲቨርት ጨረራው በአካል ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት አንጻር የሚለካበት ነው፤ ለጋማ አንድ ሲቨርት ከአንድ ግሬይ ጋር እኩል ነው)። ሰዎቹ ግን እዚያው ትውልድ በትውልድ ይኖራሉ። ይህ መልመድ ካልሆነ ምንድን ነው?

ብሩክታዊት

ወንድሜ ተስፋ፣ ያነሣሃቸው ሦስቱም እውነት ናቸው። አንድ በአንድ እንያቸው፤ እያንዳንዱ ከሚመስለው የተለየ ነገር ይነግረናል።

በመጀመሪያ ዴይኖኮከስ። በምድር ላይ 5,000 ግሬይ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ የተፈጥሮ ቦታ የለም። ታዲያ የሌለን ጠላት እንዴት ሊቋቋም ቻለ? ዛሬ በሰፊው ተቀባይነት ያለው መልስ ድርቀት ነው። ሕዋስ ሲደርቅ ዲኤንኤው ይሰባበራል፤ ውሃ ሲያገኝም ጠግኖ መነሣት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1996 በተደረገ ሙከራ ጨረራን የመቋቋም ችሎታቸውን ያጡ የዚህ ባክቴሪያ ዘሮች ድርቀትንም መቋቋም ተስኗቸው ተገኝተዋል። ጨረራን መቻሉ ለድርቀት የተሠራ መሣሪያ ትርፍ ነው እንጂ ለጨረራ ተብሎ የመጣ አይደለም።

አሠራሩም ልብ ይነካል። ጨረራው ሲመታው ክሮሞዞሙ በመቶዎች ወደሚቆጠሩ ቁርጥራጮች ይበታተናል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ግን ሁሉም በየቦታው ተመልሶ ይገጠማል። አንደኛው ምስጢር ከአራት እስከ አሥር የሚደርሱ የዘረመል ቅጂዎችን በአንድ ሕዋስ መያዙ ነው። የአንድ መጽሐፍ በርካታ ቅጂዎች ያሉት ሰው ሁሉም ቢቀዳደዱበት እንኳ ቁራጭን ከቁራጭ እያስተያየ ሙሉውን መልሶ መጻፍ ይችላል። ሁለተኛው ማንጋኒዝ ነው። ከትናንሽ ሞለኪውሎች ጋር ተጣምሮ ፕሮቲኖቹን ከጉዳት ይጠብቃል፤ ጠጋኞቹ ኢንዛይሞች ራሳቸው ሳይጎዱ ስለሚተርፉ ጥገናው ይቀጥላል። ዲኤንኤው እንደ ማንኛውም ሕዋስ ይሰበራል፤ ልዩነቱ ሠራተኞቹ በሕይወት መቆየታቸው ላይ ነው።

ኢ. ኮላይን በተመለከተ፣ 20 ዙር የሚለውን አንብበህ በእያንዳንዱ ዙር የሆነውን አልጠቀስኸውም። በእያንዳንዱ ዙር የሚሰጠው መጠን ከመቶው ከዘጠና ዘጠኝ በላይ የሚሆነውን የሚገድል ነበር። ከመቶ አንድ የማይሞላው ይተርፋል፤ እርሱም በአንድ ሌሊት ተባዝቶ ብልቃጡን ይሞላል። ባክቴሪያ ይህንን ዋጋ መክፈል ይችላል። በሰው ሕዝብ ላይ አንዱን ዙር ብቻ አስቡት። ሀገር ይጠፋል። ይህን የምለው ለክርክር አይደለም፤ «ዝግመተ ለውጥ ያጠነክረናል» ሲባል ስሰማ በልቤ የሚመጣው የዚያ ሙከራ የሞት ዓምድ ስለሆነ ነው።

ራምሳርን በተመለከተ፣ እዚያ በሚኖሩ ሰዎች ነጭ የደም ሕዋሳት ላይ በተደረገ ጥናት፣ ደማቸው በቤተ ሙከራ 1.5 ግሬይ ሲሰጠው ከሌሎች ያነሰ የክሮሞዞም መዛባት ታይቷል። የተጠኑት ሰዎች ጥቂት ነበሩ። ክስተቱ ግን በሌላም መንገድ ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1984 አነስተኛ መጠን የቀመሱ ሕዋሳት ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ትልቅ መጠን የተሻለ ጥገና እንደሚያሳዩ ተረጋግጧል። ይህ ሕዋሱ በሕይወት ዘመኑ የሚያደርገው ጊዜያዊ ዝግጅት ነው፤ በውርስ አይተላለፍም። አንድ ሰው ከተራራ ላይ ሲኖር ቀይ የደም ሕዋሱ እንደሚጨምረው ሁሉ፣ ወደ ቆላ ሲወርድ ይመለሳል።

በሕንድ ኬራላ የባሕር ዳርቻ አሸዋው ቶሪየም ያለበት ማዕድን ይዟል። እዚያ ወደ 70,000 የሚጠጉ ነዋሪዎች ከአሥር ዓመት በላይ ክትትል ተደርጎባቸው የካንሰር መጨመር አልታየም። ይህ ሕዝቡ ተለውጧል ማለት ሳይሆን፣ ቀስ እያለ በየዓመቱ የሚመጣን አነስተኛ መጠን የሰው ሕዋስ ያለ ምንም አዲስ ዘረመል ሊጠግነው የሚችል መሆኑን የሚጠቁም ይመስለኛል። መቋቋሙ ከጥንት ጀምሮ በሁላችንም ውስጥ አለ። ኦክስጅን የምንተነፍስ ፍጥረቶች ነን፤ ከኦክስጅን በሚወጡ ጎጂ ቅንጣቶች የተነሣ በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ በየቀኑ በሺዎች የሚቆጠሩ የዲኤንኤ ጉዳቶች ይደርሳሉ፤ ይጠገናሉም።

ሰናይት

እኔ የሳይንስ ሰው አይደለሁም፤ ክሩን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እናቴ እኔን ከመውለዷ በፊት በወጣትነቷ የጨረር ሕክምና ወስዳለች። ሁላችሁም ስለ ጥንካሬ ትነጋገራላችሁ፤ እኔ የምፈራው ተቃራኒውን ነው። ከእናቴ የተበላሸ ነገር ወርሼ ለልጆቼ አስተላልፍ ይሆን? የሚያውቅ ካለ በቅንነት ይመልስልኝ።

ዳዊት

እህቴ ሰናይት፣ በጨረር ሕክምና ክፍል ውስጥ እሠራለሁ፤ ይህንን ጥያቄ ታካሚዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁናል። ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል።

ጨረራ ሚውቴሽን (የዘረመል ለውጥ) እንደሚያስከትል ኸርማን ሙለር እ.ኤ.አ. በ1927 በፍሬ ዝንቦች ላይ አሳይቶ እ.ኤ.አ. በ1946 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ከዚያ ወዲህ ዓለም በሰው ልጆች ላይም ይህንኑ ሲፈልግ ኖሯል። ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ የተረፉ ወላጆች የወለዷቸው ወደ 77,000 የሚጠጉ ልጆች ለአሥርት ዓመታት ተጠንተዋል። በተፈጥሮ ጉድለትም ሆነ በካንሰር ከሌሎች ልጆች የተለየ ጭማሪ አልተገኘባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የቼርኖቤል ጨረራ የነካቸው ወላጆች ከአደጋው በኋላ የወለዷቸው 130 ልጆች ሙሉ ዘረመላቸው ተነቧል። ማንኛውም ልጅ ከወላጆቹ ያልወረሳቸው ጥቂት አሥርት አዳዲስ ለውጦች ይዞ ይወለዳል፤ በእነዚህ ልጆች ላይ ያ ቁጥር አልጨመረም።

አንቺን በተመለከተ፣ በጨረር ሕክምና ጊዜ ጨረሩ በዋናነት የሚያርፈው በታከመው አካባቢ ነው። ታክማ ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ ላይ የሚጠበቅ የተለየ የውርስ ስጋት የለም። ልብሽን የሚያሳርፍሽ ከሆነ ሐኪምሽንም ጠይቂ፤ ነገር ግን በዚህ ምክንያት ልጅ ከመውለድ አትከልከዪ።

ከሥራዬ አንጻር አንድ ነገር ልጨምር። እኛ በየዕለቱ የምንሠራው የመቋቋም ልዩነት ላይ ነው። ለአንድ ታካሚ 60 ወይም 70 ግሬይ በአንድ ቦታ ላይ እንሰጣለን፤ ግን በቀን 2 ግሬይ እያደረግን፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስድስት ወይም ለሰባት ሳምንት። ታካሚው ሰሌዳው ላይ ይተኛል፤ በቆዳው ላይ የተነቀሱትን ነጥቦች ከግድግዳው ከሚወጡት የሌዘር መስመሮች ጋር እናስተካክላለን፤ ሁላችንም ወጥተን ወፍራሙን በር እንዘጋለን፤ ጨረሩ የሚፈሰው ለደቂቃዎች ብቻ ነው። ከዚያ ማግስት እስኪደርስ ያለው ጊዜ የጤነኛው ሕዋስ የጥገና ጊዜ ነው። ጤነኛው ሕዋስ በአንድ ሌሊት አብዛኛውን ስብራቱን ይዘጋል፤ የካንሰሩ ሕዋስ ጥገናው የተበላሸ ስለሆነ በደንብ አይዘጋም። ያቺ የሌሊት ልዩነት ናት ሰው የምታድነው።

አሁን ሁሉም የሰው ሕዋስ ጨረራን የሚቋቋም ሆነ እንበል። ከዚያ ሕዋስ የሚነሣው ካንሰርም ይቋቋማል። ሕክምናችን ዋጋ ያጣል። ጨረራን የሚቋቋሙ ዕጢዎችን ያየ ሰው ይህንን ችሎታ ለሰው ሁሉ አይመኝም።

ናሆም

ዳዊት፣ ይህን ከዚህ ወገን አይቼው አላውቅም። ግን የካንሰር ጉዳይ ከሆነ ዝሆኖች አሉ አይደል? ብዙ ካንሰር ተከላካይ ዘረመል እንዳላቸው አንብቤ ነበር። ያንን ወደ ሰው ማምጣት አይቻልም? ታርዲግሬድ ከሚባለው ጥቃቅን እንስሳ የተወሰደ ፕሮቲንም አለ ይባላል።

ዳዊት

የዝሆኑን እኔ ልመልስ። የተባለው ዘረመል ፒ53 ይባላል፤ ሰው አንድ ሲኖረው (ከአባትና ከእናት አንድ አንድ ቅጂ) ዝሆን ሃያ ያህል አለው። ሥራው ግን ሕዋስን ማዳን ብቻ አይደለም። ዲኤንኤው ክፉኛ የተጎዳን ሕዋስ ራሱን እንዲያጠፋ ያዛል። የዝሆን ሕዋስ በጨረራ ሲመታ ከሰው ሕዋስ ይልቅ ቶሎ ይሞታል፤ ካንሰር የሚከላከለውም በዚህ ነው።

ይህ ወደ ከባዱ ችግር ያመጣናል። በትልቅ መጠን የተመታ ሰው የሚሞተው በካንሰር ሳይሆን በሕዋስ እልቂት ነው። የአጥንት መቅኔው ደም ማምረት ያቆማል፤ የአንጀቱ ሽፋን በየጥቂት ቀኑ መታደስ ሲገባው አይታደስም። ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈሉ ሕዋሳት ለጨረራ ይበልጥ ተጋላጭ መሆናቸውን ሁለት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ታዲያ ፒ53 የሌላቸው አይጦች በጨረራ ሲመቱ መቅኔያቸው የተሻለ ይተርፋል። አንጀታቸው ግን ከመደበኛዎቹ በባሰ ይጎዳል፤ በጨረራ ባይመቱ እንኳ ገና በወጣትነታቸው በካንሰር ያልቃሉ። መቅኔን የሚያድነው አንጀትን ይጎዳል፤ ዛሬ ከሞት የሚያተርፈው ነገ ካንሰር ያመጣል። «መቋቋም» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር በየአካል ክፍሉ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው።

ብሩክታዊት

የታርዲግሬዱን ደግሞ እኔ ልውሰድ። ፕሮቲኑ ዲሰፕ ይባላል፤ የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ አደረጉት። ዲኤንኤ ላይ ተለጥፎ ይሸፍነዋል። በብልቃጥ ባደገ የሰው ሕዋስ ውስጥ ሲያስገቡት በኤክስሬይ የሚደርሰው የዲኤንኤ ጉዳት በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ታርዲግሬድም እንደ ዴይኖኮከስ ደርቆ የሚነሣ ፍጥረት መሆኑን ልብ በሉ፤ ያው የድርቀት ትርፍ ነው።

ደስታው ትንሽ ቆየና ጥላ መጣበት። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ጥናት ያው ፕሮቲን በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ሲገባ ዲኤንኤውን ከመጠበቅ ይልቅ ጎዳው። ነርቭ አይከፋፈልም፤ የዘረመሉ አያያዝም የተለየ ነው። አንድ ነገር ዲኤንኤ ላይ ሲለጠፍ የዘረመሎችን መነበብ ይነካል፤ ይህ ለአንዱ ሕዋስ ደኅና፣ ለሌላው መርዝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጽንስ ጀምሮ በሁሉም ሕዋስ ውስጥ ይግባ የሚለውን ሐሳብ አጥብቄ እቃወማለሁ። የሚወለደው ልጅ የሙከራ ዕቃ አይደለም።

እኔን ተስፋ የሚሰጠኝ ሌላው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የዲሰፕን መመሪያ በኤምአርኤንኤ (ሕዋስ ፕሮቲን የሚሠራበት ጊዜያዊ የመልእክት ቅጂ) መልክ አድርጎ በአይጦች ጉንጭና በታችኛው አንጀት ላይ ሰጠ። ሕዋሳቱ ፕሮቲኑን ለአጭር ጊዜ ሠሩት፤ በጨረራ የሚደርሰው ስብራትም ወደ ግማሽ ያህል ወረደ። ከዚያ መመሪያው ፈርሶ ጠፋ። የዘረመሉ መዋቅር አልተነካም፤ ዕጢውም አልተሸፈነም። ዳዊት፣ ለታካሚዎችህ የአፍ ቁስል ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ።

ዳዊት

አውቀዋለሁ። የአንገትና የራስ ካንሰር ታካሚ በአራተኛው ሳምንት ገደማ ውሃ ለመዋጥ ያለቅሳል። አንዳንዱ ሕመሙን መታገሥ አቅቶት ሕክምናውን ያቋርጣል፤ ሲያቋርጥ ካንሰሩ ዕድል ያገኛል። ዛሬ ያለን አሚፎስቲን የሚባል መድኃኒት ነው፤ የምራቅ ዕጢን በመጠኑ ይጠብቃል፤ ማቅለሽለሽና የደም ግፊት መውረድ ስለሚያስከትል ግን ብዙ ቦታ አይሰጥም። በአይጥ የታየው በሰው ላይ ግማሹን ያህል እንኳ ቢሠራ ትልቅ ነገር ነው።

ተስፋ

የብሩክታዊትን መልስ ተቀብያለሁ፤ በተለይ የድርቀቱን። ሁለት ጥያቄ ግን ይቀረኛል። ሲዚየም ይጠፋል ብላችኋል፤ ፕሉቶኒየምስ? ግማሽ ዕድሜው 24,000 ዓመት ነው። ከዝግመተ ለውጥ ዕድሜ ጋር ይመጣጠናል። ደግሞ ወደ ማርስ የሚሄዱ ሰዎችስ? እዚያ የሚወለዱ ልጆች በየትውልዱ ጨረራ አይለቃቸውም።

ፊዚክስ ወዳድ

ፕሉቶኒየም-239 ዕድሜው የረዘመው አቶሞቹ የሚፈርሱት በዝግታ ስለሆነ ነው፤ ተመሳሳይ ብዛት ያላቸው አቶሞች ቢሆኑ በአንድ ሰከንድ የሚለቀው ጨረራ ከሲዚየም እጅግ ያነሰ ነው። የሚለቀውም በዋናነት አልፋ ነው፤ አልፋ የሞተውን የቆዳ ሽፋን እንኳ አያልፍም። ጉዳቱ አቧራው ወደ ሳንባ ሲገባ ነው፤ ያም በአብዛኛው በዕድሜ ማምሻ በካንሰር የሚገለጥ ነው። ብሩክታዊት የተናገረችው የዕድሜ ነጥብ እዚህም ይሠራል።

የማርሱ ጥያቄህ ከሁሉም ይበልጥ ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ማርስ ላይ ያረፈችው የናሳ (የአሜሪካ የጠፈር ተቋም) ሮቦት ኪዩሪዮሲቲ በመንገድ ላይ በቀን 1.8 ሚሊሲቨርት ያህል ለክታለች፤ በማርስ ገጽ ላይ ደግሞ 0.67 ገደማ። ደርሶ መልሱ ጉዞ ብቻ ከ600 ሚሊሲቨርት በላይ ይሆናል ማለት ነው፤ ናሳ ለአንድ ጠፈርተኛ በሥራ ዘመኑ ሁሉ የፈቀደው 600 ነው። በማርስ ገጽ ላይ ያለ ምንም ከለላ ለዓመት መኖር ወደ 245 ሚሊሲቨርት ይመጣል። ከራምሳር ከፍተኛው ቤት ጋር ይቀራረባል፤ ዓይነቱ ግን ይለያል። ከሩቅ ኮከቦች የሚመጡት ከባድ ቅንጣቶች፣ ለምሳሌ የብረት አቶም አስኳል፣ በአንዲት መስመር ላይ ተቀራርበው የሚደረደሩ ብዙ ስብራቶችን ስለሚያደርሱ ጥገናው ይከብዳል።

ነገር ግን እዚያ የሚኖር ሰው ከመሬት በታች ይኖራል። ጥቂት ሜትር የማርስ አፈር ከላይ ከተደረገ መጠኑ ከፍተኛ በሆነ ደረጃ ይቀንሳል። ያ ሲሆን ምርጫው የሚሠራበት ነገር አይኖርም።

ሰናይት

ዳዊት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፍክልኝን ለእናቴ አነበብኩላት።

አንድ ነገር ልጠይቅ። የአዮዲን ክኒን ሰውን ከጨረራ ይከላከላል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

ዳዊት

የሚከላከለው ከአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሬዲዮአክቲቭ አዮዲን። ታይሮይድ ዕጢ አዮዲን ይሰበስባል፤ ክኒኑ ቀድሞ ከሞላው አደገኛው ቦታ አያገኝም። ስለዚህ መወሰድ ያለበት ከብክለቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ፣ ባለሥልጣናት ሲያዙ ነው። ከጋማ፣ ከሲዚየም ወይም ከቦምብ ቀጥተኛ ጨረር አያድንም። በቼርኖቤል ዙሪያ የተበከለ ወተት የጠጡ ሕፃናት ላይ በሺዎች የሚቆጠር የታይሮይድ ካንሰር ታይቷል። ወተቱ በጊዜ ቢከለከልና ክኒኑ በጊዜ ቢታደል አብዛኛው ባልደረሰ ነበር። አዮዲን-131 ግማሽ ዕድሜው ስምንት ቀን ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ያንን ወተት አለመጠጣት ይበቃ ነበር።